“ወባን 80 በመቶ ቀነሰ” ሲባል ምን ማለት ነው?

በየጊዜው አንድ ዓይነት ዜና ይመጣል። ከባህል ሕክምና የተወሰደ ተክል በቤተ ሙከራ ተፈትሾ “የወባ ተውሳክን 80 በመቶ ቀነሰ” ይባላል። ወሬው ወዲያው ይዛመታል። ሰው ተስፋ ያደርጋል፤ አንዳንዱም ቅጠሉን ቀቅሎ መጠጣት ይጀምራል። ተመራማሪዎቹ አልዋሹም። ቁጥሩም ትክክል ሊሆን ይችላል። ግን ቁጥሩ የሚለው ሌላ፣ እኛ የምንሰማው ሌላ ነው።

ይህ ልዩነት ነፍስ ያስከፍላል። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2023 ብቻ 263 ሚሊዮን ያህል የወባ ሕመም ተከስቷል፤ 597 ሺህ ያህል ሰዎችም ሞተዋል። (እዚህ ያሉት ዓመቶችና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከሟቾቹ አብዛኞቹ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ የአፍሪካ ሕፃናት ናቸው። አዲስ መድኃኒት በጣም ያስፈልጋል። ተክሎች ውስጥ መፈለግም ተገቢ ነው። ኪኒን የሚባለው የቆየ የወባ መድኃኒት የተገኘው ከሲንኮና ዛፍ ቅርፊት ነው፤ በ1820 ፔለቲዬና ካቨንቱ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ናቸው ነጥለው ያወጡት። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ወባ የሚታከምበት አርቴሚሲኒንም ምንጩ ተክል ነው። ስለዚህ ፍለጋው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ፈተናው ምን እንደሚለካ ካላወቅን ዜናውን በትክክል ማንበብ አንችልም።

እስቲ 80 በመቶ ከየት እንደሚመጣ እንይ።

መጀመሪያ ቅጠሉ በጥላ ይደርቃል፣ ይፈጫል። ዱቄቱ ሜታኖል በሚባል አልኮል ውስጥ ለቀናት ይዘፈዘፋል። ይጣራል፤ አልኮሉም እንዲተን ይደረጋል። ታች የሚቀረው የሚያጣብቅ ጥቁር አረንጓዴ ነገር ነው። የሚፈተነው እሱ ነው። ለአመቺነት “ጭማቂ” እንበለው።

ከዚያ በዋላስ ፒተርስ ስም የሚጠራው የአራት ቀን ሙከራ ይመጣል። ከታመመች አይጥ ደም ተወስዶ ይቀጥናል። እያንዳንዷ ጤነኛ አይጥ 10 ሚሊዮን ያህል ተውሳክ ያለበት ደም ሆዷ ላይ በመርፌ ትወጋለች። አይጦቹ አምስት አምስት ወይም ስድስት ስድስት ሆነው ይመደባሉ። አንዱ ቡድን ጭማቂውን በትንሽ መጠን፣ ሌላው በመካከለኛ፣ ሌላው በከፍተኛ መጠን ይወስዳል። አንድ ቡድን ጭማቂው የተበጠበጠበትን ፈሳሽ ብቻ ያገኛል። አንድ ቡድን ደግሞ ክሎሮኪን የሚባለው የታወቀ የወባ መድኃኒት ይሰጠዋል። ሕክምናው የሚጀመረው አይጦቹ በተወጉበት ዕለት ነው፤ በቀን አንዴ፣ ለአራት ቀን።

በማግስቱ ከጅራታቸው ጫፍ ጠብታ ደም ይወሰዳል። መስታወት ላይ በስሱ ይቀባል፤ ጊምሳ በሚባል ማቅለሚያ ይነከራል። ባለሙያው ማይክሮስኮፕ ሥር ቁጭ ብሎ መቁጠር ይጀምራል። ቀይ የደም ሕዋሶቹ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሆነው ይታያሉ። ተውሳክ ያለባቸው ውስጥ ሰማያዊ አካልና ወደ ቀይ የሚያደላ ነጥብ አለ። ከስንቱ ሕዋስ ስንቱ ተይዟል? ፈሳሽ ብቻ ያገኙት አይጦች ላይ ከ100 ሕዋሳት 30ዎቹ ተይዘው፣ ጭማቂ የወሰዱት ላይ 6ቱ ብቻ ከተያዙ፣ ቅናሹ 80 በመቶ ነው።

እንግዲህ ቁጥሩ ይኸው ነው። አሁን ደግሞ ያልተነገረውን እንመልከት።

አይጦቹ አልዳኑም። ከ100 ሕዋሳት 6ቱ በተውሳክ የተያዙበት ሰው ሆስፒታል ገብቶ በአስቸኳይ መታከም ያለበት በሽተኛ ነው። የቀሩት ተውሳኮች ደግሞ ዝም ብለው አይቀመጡም፤ መድኃኒቱ ሲቆም ይራባሉ። በተጨማሪም ሕክምናው የተጀመረው በሽታው ገና ሳይጠነክር፣ በተወጉበት ቀን ነው። ሰው ግን ጤና ጣቢያ የሚሄደው ከታመመ በኋላ ነው። ይህን ለማስተካከል በሽታው ሥር ከሰደደ በኋላ የሚጀመር ሌላ ሙከራ አለ። ብዙ ጭማቂዎች እሱ ላይ ሲደርሱ ይደክማሉ።

ተውሳኩም የሰው አይደለም። ፕላዝሞዲየም ቤርጌይ ይባላል፤ በ1948 ኮንጎ ውስጥ በዱር አይጦች ላይ የተገኘ ነው። ሰውን በብዛት የሚገድለው ፋልሲፓረም ተራ የቤተ ሙከራ አይጥ ላይ አይኖርም። እዚህ ጋ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። በብዙ አገሮች ፋልሲፓረም ክሎሮኪንን ከተላመደ ቆይቷል፤ መድኃኒቱ ሰውን ማዳን አቅቶታል። በሙከራው ላይ ያሉትን አይጦች ግን ያው ክሎሮኪን ደህና አድርጎ ያድናቸዋል። አይጥ ላይ መሥራትና ሰው ላይ መሥራት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

መጠኑስ? ለአንድ ኪሎ የአይጥ ክብደት 400 ሚሊግራም መስጠት የተለመደ ነው። ይህን በቀጥታ ለ60 ኪሎ ሰው ብናባዛው በቀን 24 ግራም ጭማቂ ይሆናል። አይጥ መድኃኒትን ከሰው ቶሎ ስለምታስወግድ ግን ስሌቱ በቀጥታ አይባዛም። በተለመደው ቀመር ለ12 ገደማ ሲካፈል 2 ግራም ያህል ይመጣል። ይህም ቢሆን ለመነሻ የሚሆን ግምት ነው። በዚያ ላይ በሜታኖል የወጣ 2 ግራም ጭማቂ እና በውሃ የተፈላ አንድ እፍኝ ቅጠል አንድ አይደሉም። ሜታኖል የሚያወጣውን ሁሉ ውሃ አያወጣም።

ከአይጥ በፊት ሌላ በር አለ፤ የብርጭቆው ሙከራ። እስከ 1976 ድረስ ፋልሲፓረምን ከሰው አካል ውጪ ያለማቋረጥ ማራባት አልተቻለም ነበር። በዚያ ዓመት ዊልያም ትሬገርና ጄምስ ጄንሰን ቻሉ። የሰው ቀይ የደም ሕዋስ፣ ምግብ ያለው ፈሳሽ፣ 37 ዲግሪ ሙቀት፣ አነስ ያለ ኦክስጅን፤ ተውሳኩ በዚህ ውስጥ በየ48 ሰዓቱ ዙሩን እየጨረሰ ይባዛል። ዛሬ 96 ጥቃቅን ጉድጓድ ባለው የፕላስቲክ ሳህን ላይ ጭማቂው በተለያየ መጠን ይጨመራል። ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ የተውሳኩ ዲኤንኤ ላይ የሚያበራ ቀለም ተጨምሮ ስንት እንደተረፈ ይለካል።

ከዚህ የሚወጣው ቁልፍ ቁጥር የተውሳኩን ዕድገት በግማሽ ለመግታት የሚበቃው መጠን ነው። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ጭማቂው ኃይለኛ ነው። ላልተጣራ ጭማቂ በአንድ ሚሊሊትር ከ5 ማይክሮግራም በታች ከሆነ በጣም ጥሩ ይባላል። ንጹሕ አርቴሚሲኒን ግን ከዚህ ከሺህ ጊዜ ባነሰ መጠን ያንኑ ይሠራል። ይህ ጭማቂውን ከንቱ አያደርገውም። በውስጡ በመቶ የሚቆጠሩ ንጥረ ነገሮች ስላሉ፣ ኃይለኛው ምናልባት በጣም ጥቂት ሆኖ ተደብቆ ይሆናል። ቁጥሩ “ፈልጉ” ይላል እንጂ “አገኛችሁ” አይልም።

ብርጭቆው ደግሞ ያሳስታል። ሳፖኒን የሚባሉ በብዙ ተክሎች ውስጥ ያሉ አረፋ የሚያወጡ ንጥረ ነገሮችን እንውሰድ። ቀይ የደም ሕዋስን ያፈነዳሉ። ተውሳኩ የሚኖረው እዚያ ውስጥ ስለሆነ ሕዋሱ ሲፈነዳ መጠለያ ያጣል፤ መባዛቱም ይቆማል። መለኪያው ይህን እንደ ትልቅ ድል ይመዘግባል። ተባይ ለማጥፋት ቤቱን እንደማቃጠል ነው። እንዲያውም የቤተ ሙከራ ሰዎች ተውሳኩን ከሕዋሱ ማውጣት ሲፈልጉ የሚጠቀሙት ራሱን ሳፖኒንን ነው። ጭማቂውን ንጹሕ የደም ሕዋስ ላይ ለብቻ ሞክሮ ያላየ ተመራማሪ በቀላሉ ይሸወዳል።

ስለዚህ ከጎኑ ሁልጊዜ ሌላ ሙከራ መኖር አለበት፤ ያው ጭማቂ በሰው ወይም በእንስሳ ሕዋስ ላይ ምን ያደርጋል? ተውሳኩን የሚጎዳው መጠንና ሕዋሱን የሚጎዳው መጠን ይነጻጸራሉ። ልዩነቱ ቢያንስ አሥር እጥፍ እንዲሆን ይፈለጋል። ሁሉንም የሚገድል ነገር ወባንም ይገድላል፤ ያ መርዝ ነው። እኔ አንድ ጥናት ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው ይህንን ንጽጽር ነው። ከሌለ፣ የተቀረው ቁጥር ምንም ያህል ቢያምር ብዙም አያጓጓኝም።

ብርጭቆው በተቃራኒውም ይሳሳታል። ፕሪማኪን የሚባለው የታወቀ የወባ መድኃኒት የሚሠራው ጉበት ውስጥ ገብቶ ከተለወጠ በኋላ ነው። ብርጭቆ ውስጥ ጉበት የለም። አንዳንድ ተክልም እንዲሁ ሊሆን ይችላል፤ ብርጭቆ ላይ ወድቆ ሰውነት ውስጥ የሚሠራ። ሌላም አለ። ተክሉ ተውሳኩን ሳይነካ ትኩሳቱን ብቻ ሊያበርድ ይችላል። በሽተኛው ቀለል ይለዋል፤ ምስክርነቱም ከልቡ ነው። በሽታው ግን ውስጥ ውስጡን ይቀጥላል። ወባ በሚበዛበት አካባቢ ያደገ አዋቂ ሰው ደግሞ የተወሰነ የመከላከል አቅም ስላለው አንዳንዴ ያለ መድኃኒትም ይሻለዋል። ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጁ ግን ያ አቅም የለውም። “እኔን አድኖኛል” የሚለው ቃል ሐሰት ሳይሆን ሕፃን ሊያስገድል የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጭማቂው እነዚህን በሮች ካለፈ መከፋፈል ይጀመራል። በባሕርያቸው ተለይተው ክፍልፋዮቹ አንድ በአንድ ይፈተናሉ። የሚሠራው ተይዞ የማይሠራው ይጣላል። የተያዘው እንደገና ይከፋፈላል። መጨረሻ ላይ አንድ ንጹሕ ንጥረ ነገር ከቀረ ቅርጹ በመሣሪያ ይነበባል። ወራት፣ አንዳንዴ ዓመታት ይፈጃል። አንዳንዴ ደግሞ ሲከፋፈል ኃይሉ ይጠፋል፤ ወይ ንጥረ ነገሮቹ የሚሠሩት ተባብረው ነው፣ ወይ ዋናው በሂደቱ ተበላሽቷል።

መበላሸት ካነሣን የአርቴሚሲኒንን ታሪክ ማለፍ አይቻልም። ቻይና ሜይ 23፣ 1967 “523” የሚል ሚስጥራዊ ፕሮጀክት ጀመረች። በቬትናም ጦርነት ክሎሮኪንን የተላመደ ወባ ወታደር ይጨርስ ነበር። በ1969 ቤጂንግ ውስጥ አንድ ቡድን እንዲመሩ ቱ ዮዮ ተመደቡ። ቡድኑ ከ2000 በላይ ባህላዊ የመድኃኒት አዘገጃጀቶችን አሰባሰበ። ከ200 ያህል ተክሎች ከ380 በላይ ጭማቂ አውጥቶ አይጥ ላይ ሞከረ። ቺንግሃኦ የሚባለው የአርቴሚሲያ ተክል አንዴ ጥሩ ውጤት ሰጠ። ሲደገም ግን ውጤቱ ጠፋ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይተወዋል። ቱ ግን ወደ ድሮዎቹ ጽሑፎች ተመለሱ። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ጌ ሆንግ የጻፈው መመሪያ አንድ እፍኝ ቺንግሃኦ በውሃ ዘፍዝፎ፣ ጨምቆ፣ ጭማቂውን መጠጣት ነው። አፍሉ አይልም። ቱ ከዚህ ተነሥተው ሙቀቱ መድኃኒቱን ገድሎት ይሆናል ብለው አሰቡ። ከዚያ በ35 ዲግሪ ገደማ በሚፈላ ኢተር በሚባል ፈሳሽ፣ በዝቅተኛ ሙቀት እንደገና አወጡት። ጎጂውን አሲዳማ ክፍልም ለይተው አስወገዱ። ኦክቶበር 4፣ 1971 ቁጥር 191 የተሰኘው ናሙና የአይጦቹን ተውሳክ ሙሉ በሙሉ አጠፋ። በዝንጀሮ ላይም እንዲሁ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ቱና ባልደረቦቻቸው ለደኅንነቱ ሲሉ መጀመሪያ ራሳቸው ወሰዱት። ከዚያ ሃይናን በምትባለው የቻይና ደሴት ለ21 በሽተኞች ተሰጠ፤ ትኩሳታቸው ወረደ፣ ተውሳኩም ጠፋ። በ2015 ቱ የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኑ።

ምክንያቱ በኋላ ታወቀ። የአርቴሚሲኒን ኃይል ያለው ሁለት የኦክስጅን አቶሞች በተያያዙበት ድልድይ ላይ ነው። ተውሳኩ የደማችንን ሄሞግሎቢን ሲበላ ብረት ያለበት ትራፊ ይለቀቃል። ብረቱ ድልድዩን ይሰብረዋል። ከስብራቱ የሚወጣው ነገር ደግሞ ተውሳኩን ከውስጥ ያቃጥለዋል። ተውሳኩ በገዛ ምግቡ ይጠፋል።

ለእኔ የዚህ ታሪክ ፍሬ ነገር አዘገጃጀቱ ላይ ነው። የባህል ሕክምና ዕውቀት የተክሉ ስም ብቻ አይደለም። ቅጠል ነው ሥር? በየትኛው ወቅት የተቆረጠ? ተቀቅሎ ወይስ ተዘፍዝፎ? ስንት ቀን ይወሰዳል? የአርቴሚሲኒን መጠን እንደ ዝርያውና እንደ ቦታው በብዙ እጥፍ ይለያያል፤ ብዙውን ጊዜም ከደረቅ ቅጠሉ 1 በመቶ አይሞላም። ባለ ዕውቀቱን አንዴ ጠይቆ ስም ጽፎ የሚሄድ ተመራማሪ ግማሹን መድኃኒት ሜዳ ላይ ትቶ ነው የሚሄደው። ዕውቀቱን የሰጠው ማኅበረሰብ ከጥቅሙ መካፈል እንዳለበትም በ2014 ሥራ ላይ የዋለው የናጎያ ፕሮቶኮል የሚባል ዓለም አቀፍ ስምምነት ይደነግጋል።

የሚሠራ ሁሉ ግን መድኃኒት አይሆንም። ቻንግ ሻን የሚባለው ሌላው የቻይና ተክል ፌብሪፉጂን የተባለ ኃይለኛ ንጥረ ነገር አለው። ወባን በእርግጥ ይገድላል። ግን ክፉኛ ያስመልሳል፤ ጉበትም ይጎዳል። ስለዚህ መድኃኒት መሆን አልቻለም። ከእሱ ተነሥተው ጉዳት የማያደርስ ዘመድ ለመሥራት አሁንም የሚጥሩ ኬሚስቶች አሉ።

በማሊ ደግሞ መንገዱን ገልብጠው የሞከሩ አሉ። ከቤተ ሙከራ ሳይሆን ከቤተሰብ ጀመሩ። በቅርቡ ወባ ሲይዛችሁ ምን ወሰዳችሁ? ከዚያስ እንዴት ሆናችሁ? ብለው በየመንደሩ ጠየቁ። ከመልሶቹ የተሻለ ውጤት ጋር የተያያዘው አርጌሞኔ ሜክሲካና የሚባል ቢጫ አበባ ያለው እሾሃም ተክል ሆኖ ተገኘ። መጠኑን በሐኪም ክትትል ለዩ። በመጨረሻም ከመደበኛው መድኃኒት ጋር አነጻጸሩት። በ28 ቀን ክትትል ሌላ መድኃኒት ያላስፈለጋቸው ተክሉን ከወሰዱት 89 በመቶ፣ መደበኛውን ከወሰዱት 95 በመቶ ነበሩ። ይህ ለአንድ ተክል ትልቅ ውጤት ነው። ያም ሆኖ ቀደም ብሎ በተደረገው ክትትል ተክሉ ተውሳኩን ከደም ጨርሶ ያጠፋው ከስንት አንዴ ነው። የዚያው ተክል ዘር ዘይት ደግሞ መርዝ ነው፤ የምግብ ዘይት ውስጥ ሲቀላቀል ሰው አሳብጦ እስከ መግደል ደርሷል። ቅጠሉ የተመሰገነ ተክል ዘሩ ሊገድል ይችላል።

28 ቀን የሚለው በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። ወባ ጠፋ ሲባል ተመልሶ ይመጣል። በሦስተኛው ቀን ደም ንጹሕ ስለሆነ ብቻ ዳነ አይባልም። ተመልሶ ከመጣም አዲስ ትንኝ ነክሳው ነው ወይስ የድሮው አገረሸበት የሚለው በተውሳኩ የዘረመል ምርመራ ይለያል።

አሁን ወደ ሻዩ። የአርቴሚሲያን ቅጠል ቀቅሎ መጠጣት በብዙ ቦታ ይመከራል፤ በቅን ልብም ይመከራል። እኔ ግን እቃወመዋለሁ። አርቴሚሲኒን ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም። በአንድ ኩባያ ውስጥ ምን ያህል እንዳለ ቀቃዩ ሊያውቅ አይችልም። ንጹሑ መድኃኒት ራሱ በጥቂት ሰዓት ከሰውነት ስለሚወጣ ብቻውን ሲወሰድ ወባው ያገረሻል። ለዚህ ነው ረጅም ጊዜ ከሚቆይ ሌላ መድኃኒት ጋር ተጣምሮ የሚሰጠው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 አርቴሚሲኒንን ለብቻው መሸጥ እንዲቆም የጠየቀውም ለዚሁ ነው። ሻዩንም አይመክርም። ትንሽ መጠን ተውሳኩን ሳይጨርስ ያለማምደዋል። ከፊል መላመድ መጀመሪያ በምዕራብ ካምቦዲያ ታየ። ዛሬ በሩዋንዳ፣ በኡጋንዳ፣ በታንዛኒያና በኤርትራም ተረጋግጧል። ይህን መድኃኒት ካጣነው በቦታው የምንተካው በቂ ነገር ገና እጃችን ላይ የለም።

ስለዚህ ቀጣዩን ዜና ስታነቡ ብርጭቆ ላይ ነው፣ አይጥ ላይ ነው፣ ወይስ ሰው ላይ? ብላችሁ ጠይቁ። ሰው ላይ ካልሆነ ለተመራማሪዎች የሚጠቅም ዜና ነው፤ ለበሽተኛ ገና ነው። ትኩሳት ያለበት ሰው ደሙን ይመርመር። ፋልሲፓረም ካልታከመ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ከባድ ወባ ሊለወጥ ይችላል፤ ሕፃንና ነፍሰ ጡር ላይ ደግሞ ይፈጥናል። ቅጠል ጠጥታችሁ ከሆነም ሳታፍሩ ለሐኪሙ ንገሩት። ምን እንደሆነ፣ መቼና ምን ያህል እንደወሰዳችሁ ካወቀ ከሚያዝላችሁ መድኃኒት ጋር እንዳይጋጭ ይጠነቀቃል።